የመብረቅ ቤቱ ቁልፍ

በዘርማት መንግሥት ሰባቱ የግንብ መብራቶች በጠራራ ቀትር አንድ ላይ ድርግም አሉ። ብርሃን ይፈራ የነበረው ሰው በላው ጉምም ከሰሜን ሸለቆ ተነሥቶ መንደር ይውጥ ጀመር። ንጉሡ የሦስት ቀን ጸሎት አወጁ፤ በአራተኛው ቀን መብራቱ ከየት ይመጣ እንደነበር የሚያውቅ ሰው ይፈለግ ተባለ።

የተገኙት የጥንቱ የመብረቅ ቤት አለቃ ብላታ ዶርሼ ናቸው። አብራቸው የዘመተችው ያሳደጓት ናርዳ ነበረች። አባቷን ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚያው በሥራ ላይ ሳለ ውኃ ወስዶታል። ሠራተኞቹ የጋኔን ሥራ ነው ብለው ሸሹ፤ መብራቶቹን የሚያበራው የውኃ መዘውርም ያለ ሰው ሲዞር ኖረ።

በቀንዳም በቅሎ ሦስት ቀን ተጓዙ። የቤቱ ጣሪያ ወድቋል፤ የመዳብ ገመዶች እንደ ሐረግ ተንጠልጥለዋል። የሠራተኞቹ ካፖርት ግን እንደተሰቀለ ነው፤ በአባቷ ካፖርት ላይ ጉንዳን ሰፍሮበታል።

በቤቱ ሕግ፣ ወደ መዘውሩ ጉድጓድ የሚወርድ ሰው የውኃውን በር ቁልፍ አንገቱ ላይ ያስራል። ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱ ሳይወጣ ውኃ አይለቀቅም። ብላታ በሩን ቆልፈው ቁልፉን በገዛ እጃቸው አሰሩላት።

መዘውሩን አንቆ የያዘው የሾላ ሥር ነበር። ከሥሩ በታች አጥንት አገኘች፤ አንገቱ ላይ ቁልፍ ነበር። ከራሷ ቁልፍ ጋር አስተያየችው፤ አንድ ዓይነት ናቸው።

«አባባ፣ የአባቴ ቁልፍ እዚህ ነው። እኔ ያሰርኩትስ የማን ነው?»

ብላታ ከላይ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ።

«የኔ ነው፣ ልጄ። ያን ቀን ጉሙ ከተማው ጫፍ ደርሶ ነበር። አባትሽ ደግሞ ሥራ ላይ አይቸኩልም።»

ናርዳ ወጥታ መሄድ ትችል ነበር፤ ጉሙ ግን አይጠብቅም። መብራቱ እንደበራ ይህን በንጉሡ ፊት እንደምትናገር ነገረቻቸው፤ ሌላ ቁልፍ እንደሌለም እንዲምሉላት ጠየቀች።

«በሰባቱ መብራቶች እምላለሁ» አሉ ብላታ፤ «ከሁለቱ በቀር ቁልፍ የለም።»

በጠፉ መብራቶች መማላቸውን ልብ አላለችም። ሁለቱንም አንገቷ ላይ አስራ መጥረቢያዋን አነሣች። ሥሩ ሲበጠስ መዘውሩ ተንቀሳቀሰ፤ ከላይም የበሩ ብረት ሲንሲያጠጥ ሰማች። እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ሁለቱም ቁልፎች አሉ።

መብራቶቹ በሩ፤ ጉሙ ወደ ሸለቆው ተመለሰ። ስለ አገሯ ራሷን ሠዋች ተብሎ ሐውልት ታዘዘላት። ቀራጩ አንገቷ ላይ ስንት ቁልፍ ላድርግ ብሎ ብላታን ጠየቃቸው።

«አንድ» አሉ፤ «ሕጉ አንድ ነው።»