ከሦስቱ አንዱ

እኔ ሰው ሳምን ደረሰኝ እቀበላለሁ። ይህን ስል ሰዎች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ቢሮ ውስጥ ያወጡልኝ ስም «ወይዘሪት ኦርጅናል» ነው፤ ኮፒ አሳይቶኝ ያለፈ ሰው ስለሌለ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ከኔ በፊት የነበረችውን «ወይዘሪት ነገ» ነበር የሚሏት፤ ከሱ ይሻላል።

የምሠራው ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ሰነድ የሚዘጋጅበት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። የገባሁት ወለል ልወለውል ነበር። ቅርጫት ውስጥ የተጣለውን ሰነድ እያወጣሁ፣ በኪሎ ከሚሸጥ አሮጌ መጽሐፍ መሃል ያገኘሁትን የባንክ ማሠልጠኛ እያነበብኩ፣ ሥራውን ለራሴ አስተማርኩ። ዛሬ ዲግሪያቸውን ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ልጆች «እስቲ አንዴ እይልኝ» እያሉ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣሉ። አያለሁ። ዲግሪ የለኝም፣ ዓይን አለኝ።

ከትምህርት ቤት ያስወጣኝ የአባቴ ፊርማ ነው። ለጓደኛው ዋስ ሆነ። «ፊርማ እኮ ናት፤ ምን ትበላለች?» አለ። ቤታችንን በላች። ጓደኛው ጠፋ፣ ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ፣ የአልጋውን ራስጌ እኔ ግርጌውን እናቴ ይዘን ወጣን። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቁልፉን ከአባቴ የጠየቀው ሰው የለም፤ አዲሱ ባለቤት የበሩን ቁልፍ አስቀየረ። አባቴ የማይከፍት ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ይዞ ስድስት ዓመት ኖረ። ሲሞት ከኮቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አሥራ አንድ ዓመት ቆጥቤ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ስገዛ፣ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቷን አልነበረም፤ በሯን ነው። ሦስት ቁልፍ ነበራት። አንዱ ቦርሳዬ ውስጥ፣ አንዱ እናቴ ጋ፣ ሦስተኛው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ። የሦስተኛውን ጥቅም ያኔ አላውቀውም ነበር።

*

አንድ ቀን ጓንት ሰፍቶ ወደ ውጭ የሚልክ ሰው ዝናብ ደብድቦት ወደ ቢሮአችን ገባ። ወረቀቶቹን ከሸሚዙ ውስጥ አወጣ፤ እሱ ርሶ እነሱ ደርቀዋል። ይህን ወደድኩለት።

«ባንክ መልሶብኛል» አለ። «እርስዎ ያውቃሉ አሉኝ።»

«እርስዎ አትበለኝ፤ ገና አላረጀሁም። አምጣው።»

ክፍያው በኤልሲ ነበር፤ ባንክ መሃል ቆሞ «ሰነድህ ካልጎደለ ገንዘብህን እኔ እሰጥሃለሁ» የሚልበት ውል። ሰነዱ ግን ጎድሏል።

«ኢንቮይስህ አርባ ካርቶን ይላል። መርከቡ የተረከበው ሠላሳ ዘጠኝ ነው። አንዱን ማን በላው?»

ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር የራሰ ካርቶን አነሳና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «መኪናው ላይ አልገባ አለኝ። በሚቀጥለው እልከዋለሁ አልኩ። ሰውየው ይገባዋል ብዬ ነው፤ ወንድሜ ነው።»

«ገዢው ወንድምህ ነው?»

«በስልክ ‹ወንድሜ› ነው የሚለኝ።»

ቀና ብዬ አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ መርፌ የወጋው ጥቁር ነጥብ አለ፤ ዓይኖቹ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይኖች ናቸው። ልስቅበት ፈልጌ ነበር፤ ሳቁ ግን የሆነ ቦታ ላይ ቀረብኝ። ኢንቮይሱን በሠላሳ ዘጠኝ አስተካከልንለት፤ በሳምንቱ ባንኩ ከፈለ።

አርባኛውን ካርቶን ይዞ ሲሄድ አንድ ጥንድ ጓንት ጠረጴዛዬ ላይ ትቶ ነበር። ቡናማ፣ ቀጭን፣ በእጄ ልክ።

«እጄን መቼ ለካኸው?» አልኩት ተመልሶ ሲመጣ።

«ማኅተም ስትመቺ።»

ተመልሶ የመጣበትን ጉዳይ አልጠየቅኩትም። እሱም አልተናገረም። ሁለታችንም ማኅተሙን ስናይ፣ የቢሮው ባለቤት ጋሼ ከመስታወቱ ማዶ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ወይዘሪት ኦርጅናል፣ ሰውየው ሰነድ አለው ወይስ እሱ ራሱ ነው ሰነዱ?»

*

ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ሄድን። ሁለታችንም እስከ ስድስት ሰዓት እንሠራለን፤ ከዚያ የደከመ እግር በሚችለው መጠን እንራመዳለን። ሲደክመን እሱ መስፊያ ቤት እንቀመጣለን፤ ስድስት ስፌት ማሽን፣ ጥግ ላይ የተከመረ ቆዳ፣ አምስት የሚሰፉ ሴቶች። ሴቶቹ ሲያዩኝ «የጓንቱ ባለቤት መጣች» ይላሉ፤ የትኛውን ባለቤት ማለታቸው እንደሆነ አልጠይቃቸውም።

እሱ ሰው ያምናል፤ ጉዱ ይህ ነው። ክር የሚሸጥለትን፣ ቆዳ የሚያመጣለትን፣ በስልክ ‹ወንድሜ› የሚለውን፣ ሁሉንም። እኔ ደግሞ እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል እንደሚባለው ነኝ። «ወንድምነቱን በኦርጅናል ያምጣ» ስለው ይስቃል።

ከዚያ ከ‹ወንድሙ› ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ከመጀመሪያው አራት እጥፍ። ባንክ ሊያበድረው ፈቀደ፤ መያዣ ግን ጠየቀ። እሱ ያለው ደግሞ ስድስት አሮጌ ማሽን ነው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ክፍሌ መጣ። ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋው።

«ተናገር» አልኩት። «መስኮቴን አደከምከው።»

«ካርታሽን ባንክ ልታስይዥልኝ ትችያለሽ? ስድስት ወር ነው። ከዚያ...»

«አልችልም።»

ጎረቤት ዕቃ ሲያጥብ ይሰማል።

«ልጨርስ እንኳ አልፈቀድሽልኝም።»

«ብትጨርሰው ይለወጣል?»

«ለፍቅርም ዋስትና ትጠይቂያለሽ ማለት ነው።»

«ለፍቅር አልጠየቅኩህም። ለቤቴ ነው።»

«እምቢ ማለትሽ አይደለም ያመመኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሳታስቢበት እምቢ ማለትሽ ነው።»

«አሥራ አራት ዓመት አስቤበታለሁ።»

የአባቴን ታሪክ ያውቀዋል። ጫማውን ሲያስር ብዙ ቆየ። ልጠራው እችል ነበር፤ ጠርቼው ግን ምን እለዋለሁ? ልክ ነበርኩ። ልክ መሆን እንዲህ ያለ ብርድ እንዳለው ማንም አልነገረኝም ነበር።

*

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ባንኩ ሲቀር ቆዳውን በዱቤ ወሰደ፤ የቆዳው ነጋዴ በሁለት ወር ገንዘቤን አለ። ገዢው ደግሞ በዚህ ጊዜ ኤልሲ ውድ ነው ብሎ አልከፍትም አለ፤ ሰነዱ በባንክ ይምጣና ከፍዬ ዕቃዬን እወስዳለሁ አለ። ይህም መጥፎ አልነበረም፤ ባንኩ ገንዘቡን ሳይቀበል ሰነዱን አይለቅም።

መርከብ ዕቃ ሲረከብ የጭነቱን ሰነድ በሦስት ኦርጅናል ይሰጣል፤ አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ እንዳይቸግር። ወደብ ላይ ግን ከሦስቱ አንዱን ያሳየ ሰው ዕቃውን በሙሉ ይወስዳል። ያኔ የቀሩት ሁለቱ ተራ ወረቀት ናቸው።

ሦስቱን አዘጋጅቼ ወደ ባንክ ልልካቸው ስል መጣ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ቢሮ ውስጥ ስንገናኝ እንደ ደንበኛና እንደ ሠራተኛ ነው የምንነጋገረው።

«አንዱን ስጪኝ» አለ። «በቀጥታ እልክለታለሁ። የባንክ መንገድ አንድ ወር ይፈጃል። አንዱ በእጁ ከገባ ዕቃው በደረሰ ቀን እከፍላለሁ ብሏል።»

«ከሦስቱ አንዱ ሦስቱም ነው። ታውቃለህ።»

«ሁለቱ ባንክ ይገባሉ።»

«ባዶአቸውን።»

«የቆዳው ሰውዬ ቀን ቆርጧል» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ድካም ነው። «ብድር ባገኝ ኖሮ ባንክ እጠብቅ ነበር።»

ሰነዱ የሱ ነው፤ ልከለክለው አልችልም። ልለምነው ግን እችል ነበር። እኔ ያደረግኩት መዝገቡን ማዞር ነው። «አንድ ኦርጅናል በራሴ ፈቃድ ተረክቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶ ሰጠሁት። ፈረመ። ነገ ማንም «እሷ ናት የሰጠችው» እንዳይል ራሴን መጠበቄ ነበር። ያችን ፊርማ ሳያት እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል።

ገዢው ዕቃውን ወሰደ። ከዚያ ‹ወንድሙ› ስልክ ማንሳት ተወ።

ባንኩ ሁለቱን ኦርጅናሎች ሲመልስ ጓንት ሰፊው ይዟቸው መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጣቸው። ምንም አልጠየቀኝም። ምናልባት ወንበር ብቻ ፈልጎ ነበር።

አፌ ቁልፍ የለውም። «አላልኩህም?» አልኩት።

አየኝ። ወረቀቶቹን አጥፎ ሸሚዙ ውስጥ ከተታቸውና ወጣ። ዝናብ አልነበረም።

*

ከስድስቱ ማሽን አራቱን ሸጠ ሲሉ ሰማሁ። ከሴቶቹ አንዷ ብቻ ቀረች። ለሌሎች ሰዎች የሥራ ሽርጥ እየሰፋ የቆዳውን ዕዳ በየወሩ ይከፍላል አሉኝ። እኔ ማታ ማታ ወደ ክፍሌ እገባለሁ፤ በሬ በደንብ ይቆለፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሠራ ረሳሁ።

በሁለተኛው ዓመት እናቴ ጋ ቁጭ ብዬ ልብስ ሳጣጥፍ፣ ሳትጠየቅ ጀመረች፤ የሆነውን ሁሉ ነግሬያታለሁ።

«ቤትሽን ባለመስጠትሽ ደግ አደረግሽ። እኔም ብሆን አልሰጥም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«አባትሽ ቤት አሳጣኝ። አልጋ ተሸክሜ ወጣሁ። አንድ ቀን ግን ‹አላልኩህም› አላልኩትም።»

«ብለሽው ነበር እኮ። አትፈርም ብለሽው ነበር።»

«ብዬዋለሁ። እሱም ያውቀዋል። የሚያውቀውን ሰው ምን ብዬ ልንገረው?» የትራስ ልብሱን ከእጄ ወስዳ እንደገና አጠፈችው። «ቤቱን ከለከልሽው፣ ይሁን። ያን ቃል ግን ማን ስጪው አለሽ፣ ልጄ?»

ኩሩ ነኝ፤ መንገዱ አንድ ወር ፈጀብኝ።

መስፊያ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ማሽኖች መሃል ላይ ቀርተው ክፍሉ ሰፍቷል። እሱ ሽርጥ እየሰፋ ነበር። አላቆመም።

«ቤቴን አሁንም አልሰጥህም» አልኩት ከበሩ ላይ።

«አሁንም አልጠየቅኩሽም።»

«አንድ የተናገርኩት ነገር ነበር። እሱን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

ማሽኑ ቆመ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ጸጉሩ ጆሮው አጠገብ ሸብቷል፤ ያኔ አልነበረም።

«አርጅቷል» አለ። «ሁለት ዓመት ስሰፋበት ኖሬያለሁ። ብትወስጂውም አይጠቅምሽ።»

«ቢሆንም።»

«እንግዲያው ውሰጂው።» በእግሩ በርጩማ ገፋልኝ። «ቁጭ በይ። ቆመሽ ስትታይ ዕዳ ጠያቂ ትመስያለሽ።»

ተቀመጥኩ። እሱ ሰፋ፣ እኔ የተሰፋውን አጠፍኩ። እስኪመሽ ብዙ አላወራንም።

*

ዓመት አለፈ። ዕዳው አለቀ። አንድ ቅዳሜ፣ ባንኮች ከዘጉ በኋላ፣ የአዲስ ጭነት ሰነድ ይዞ መጣ። አሥራ ሁለት ካርቶን ጓንት፤ ገዢው አዲስ፣ ክፍያው በኤልሲ። ቆጠርኩ፤ በየወረቀቱ ላይ አሥራ ሁለት ነው። ሦስቱን ኦርጅናል አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ጀርባቸው ላይ ፈርሟል፤ ስም ግን አልጻፈም። እንዲህ ያለ ሰነድ ባለቤቱ የያዘው ሰው ነው፤ ማንም ይዞት ወደብ ቢቀርብ ዕቃው የሱ ይሆናል።

«ይህን ፈርመህ በመንገድ ይዘኸው መጣህ?»

«ሰኞ ባንክ እስኪከፈት አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

«ካዝና አለን።»

«ካዝናው ጋ አላልኩም።»

«ያለህ ሁሉ እኮ እዚህ ላይ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስቱንም?»

«አንዱማ ሦስቱም ነው ብለሽኛል።»

መስታወቱ ማዶ ጋሼ ጋዜጣቸውን ከፍ አደረጉ። መዝገቡን ከፈትኩ። «ሦስት ኦርጅናል ተረክቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

«ደረሰኝ አልጠየቅኩሽም» አለ።

«ደረሰኝ ሳይቀበል ሰነድ የሚሰጥ ሞኝ ነው። ያዝ።»

ፈረምኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ለሳምንታት ይዤው የምዞረውን ነገር አወጣሁ፤ ከብስኩት ቆርቆሮው ከቡናማ ጓንቶቹ ጋር ያወጣሁትን። ሦስተኛውን ቁልፍ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና በመዝገቡ ቀጣይ መስመር ላይ ጻፍኩ። «አንድ ቁልፍ፣ የሚከፍት፣ ተረክቤያለሁ።» እስክሪብቶውን ሰጠሁት።

አነበበው። ‹የሚከፍት› የሚለው ላይ ዓይኑ ቆየ። የማን ቁልፍ እንዳልከፈተ ያውቃል።

ፈረመ።

«ካርታውስ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

«ካርታውን እርሳው።»

ሳቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስሰማው ያው ሳቅ ነው፤ ትንሽ የደከመ ብቻ።

የጋብቻ ውላችን ላይ ክፍሌን በኔ ስም፣ ሁለቱን ማሽኖች በሱ ስም፣ ለየብቻቸው አጻፍን። ውሉን ያዘጋጀው ሰው «ምነው ገና ከአሁኑ?» ሲል፣ ጓንት ሰፊው ቀድሞኝ መለሰ፤ «እሷ እንዲህ ነው የምትወደው።» የጓንቱ ገንዘብ በሃያ ስድስተኛው ቀን ገባ። ማታ ማታ አራት ፎቅ ወጥቼ ስደርስ ቦርሳዬን መበርበር ትቻለሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ከገባ በሩ ከውስጥ ይከፈትልኛል።