ስም የወጣላት ሳህን

ይኼ ተረት አይደለም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ዓይኔ ፊት የሆነ ነው። የማያምን ካለ ከአሁኑ ይለፈኝ፤ እመኑኝ ብዬ ማንንም አልለምንም።

ደግሞ በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፣ ጎረቤታችን በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ታራግፋለች...

እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። እኔ፣ ልጄ እና የልጅ ልጄ።

የልጅ ልጄን «ድንቡሼ» ነው የምንላት። ወፍራም እንዳትመስላችሁ፤ አጥንቷ ይቆጠራል። እልህ ይዞኝ ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

በሽታዋ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል። ስሙን አፌ እስኪይዘው አሳሬን አይቻለሁ። ደረቷ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍርና ትንፋሿን ይዘጋዋል። ላቧ ደግሞ ከሰው ላብ የተለየ ነው። ግንባሯን ስስማት ከንፈሬ ላይ ጨው ይቀራል።

ጠዋትና ከሰዓት ጭኔ ላይ በደረቷ አስተኛታለሁ። መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ ጀርባዋን እመታለሁ። ዷ... ዷ... ዷ... አክታው እንዲላቀቅ ነው። ነርሷ ያሳየችው ለልጄ ነበር፤ ግን የልጄ እጅ ይፈራል።

የኔ እጅ አይፈራም።

ልጄ ተመራማሪ ናት። የሙያዋ ስም ለምላሴ አይመችም። ሥራዋ ግን የዕፅዋት መርዝ ማጥናት ነው... የጉሎ ፍሬ መርዝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽ እቤት ታማ ተኝታ አንቺ መርዝ ትቀምሚያለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

ሳቀች። «እማ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ በረኛ አለ በይ። ጎበጥ ያለ ነገር ካየ ጠራርጎ ይጥላል። የድንቡሼ ጣጣ ይኼው ነው። ጨዉን የሚያስተላልፍላትን ነገር ሰውነቷ ሲሠራው ትንሽ ይጎብጣል። ቢተወው እኮ ሥራውን ይሠራ ነበር። በረኛው ግን አይተወውም።»

«መርዙስ?»

«መርዙ በረኛውን ያታልለዋል። የሚጣል ቆሻሻ መስሎ ሹልክ ይልና ያመልጣል። እንዴት እንደሚያታልለው ካወቅኩ...»

«በር አከፋፈት ከሌባ ልትማሪ ነዋ!»

«አዎ እማ። የሚገድለውን ግማሹን ቆርጬ ጥዬ።»

ከድንቡሼ አፍንጫ ሕዋስ ወስዳ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በክብ ሳህን አሳደገችው። እንደ ችግኝ በሉት። የሚጠጣው ቀይ ውሃ ነው፤ በየጊዜው ይቀየርለታል።

እዚያ ሁሉም ሳህን የሚጠራው በቁጥር ነው። ስም ማውጣት ነውር ነው። ሰው ስም ላወጣለት ነገር ይሳሳል፣ የሳሳ ሰው ደግሞ ያየውን በትክክል አይናገርም ይላሉ።

ልጄ ግን ክዳኑ ላይ «ድንቡሼ» ብላ ጻፈችበት። ውሃውን ስትቀይር ታዋራዋለች። «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ጠጪ» ትለዋለች። ራሷ ናት እየሳቀች የነገረችኝ።

እኔ አልሳቅኩም።

ኋላ አለቃዋ መርዙ በደንብ አልጠራም፣ አደገኛ ነው፣ ሥራው ይቁም፣ ሳህኖቹም ይጣሉ አለ። ሌሎቹ ባለ ቁጥር ሳህኖቻቸውን ጣሉ። ልጄ ግን ሳህኑንና አንዲት ብልቃጥ መርዝ በጉያዋ ደብቃ መጣች።

«እማ... ልጅሽን ጣይ አሉኝ።»

«ልጅሽ እዚያ አልጋ ላይ ናት። ይኼ ሳህን ነው።»

መኝታ ቤቷ ውስጥ በሰው ገላ ልክ የሚሞቅ ሣጥን አስቀመጠችለት፤ አጠገቡም አሮጌ ማይክሮስኮፕ። በሩንም ቆለፈችው።

ያን ሰሞን ድንቡሼ ወደቀች። ከንፈሯ ጠቆረ። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አብራችኋት ሁኑ» ብሎ ሸኘን። እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ አላጣውም።

አንድ ቀን ጀርባዋን እየመታሁላት...

«አያቴ፣ እማዬ ውሃዬን ቀየረችልኝ።»

«የምን ውሃ?»

«ቀዩን።»

እጄ አየር ላይ ቀረ።

ያንን ውሃ አይታው አታውቅም። ስለ ሳህኑም የነገራት ሰው የለም።

በማግስቱ በጀርባዋ ተኝታ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና፣ «አያቴ... ክዳኑ ተጫነኝ» አለችኝ።

ለልጄ ነገርኳት። «ትኩሳት ነው» አለች። ዓይኔን ግን አላየችኝም።

ከዚያ ያ ዘጠኝ ሰዓት መጣ።

ልጄ ጓንት እንዳጠለቀች ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጨመርኩበት እማ።»

«ምኑን?»

«መርዙን። የሚገድለውን ክፍል ቆርጬዋለሁ... ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?!»

«ቤት ውስጥ ምን ማጣሪያ አለኝ!» በሹክሹክታ ጮኸችብኝ። «ልጄ እኮ እየሄደችብኝ ነው!»

«ለልጅቷ ሰጠሻት እንዴ?»

«አንቺ ሙች፣ ለሳህኑ ብቻ ነው።»

ገና ይህን ብላ ሳትጨርስ ከኋላችን የእግር ኮቴ ሰማን።

ድንቡሼ ናት። ደግፈን እንኳ ማስቀመጥ ያቃተን ልጅ በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች። ከንፈሯ ቀልቷል። አታስልም። ስትተነፍስም ድምፅ የላትም።

ልጄ መሬት ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። «ዳነች! እማ፣ ዳነች እኮ!»

እኔም ጎንበስ ብዬ ግንባሯን ሳምኩ።

ላብ አለ... ጨው የለም። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ የሳምኩ መሰለኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ጨዉን ፍለጋ ከንፈሬን ደግሜ ላስኩ።

ያኔ ነው ከመኝታ ቤቱ ሳል የሰማነው።

ትንሽ፣ የታፈነ፣ የሚያጣብቅ ሳል። ያንን ሳል ከሺህ ሳል መሃል እለየዋለሁ። መዳፌ ሥር ነው ያደገው።

ልጄና እኔ ተያየን።

ድንቡሼ የእናቷን ቀሚስ ያዝ አደረገችና ቀስ ብላ...

«አትክፈቱላት» አለች።

ልጄ ቀሚሷን መንጭቃ መኝታ ቤቱ ገባች። ሳህኑን አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች።

«ሕዋሶቹ እየሞቱ ነው... አልጠራም ነበር። እማ፣ መርዙ አልጠራም ነበር!»

ቀዩን ውሃ ደፋች፣ አዲስ ጨመረች፣ እሱንም ደፋች። አንሶላው በቀይ ራሰ። ሳሉ ግን እያጠረ፣ እየራቀ ሄደ...

እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው አንድ ነገር ነው። መዳፌን ጎድጎድ አድርጌ የሳህኑን ክዳን ቀስ ብዬ መታሁት። ዷ... ዷ... ዷ...

«ተንፍሺ የኔ ድንቡሼ። ተንፍሺ እንጂ» አልኩ። ለሳህን!

ሳሉ ቆመ።

ልጄ ሳህኑን ደረቷ ላይ ለጥፋ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ሳሎን ውስጥ ልጅቷ ታንጎራጉራለች።

በማግስቱ ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼም አላውቅ» አለ። ጎረቤቶች እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን መጡ። ልጄ እሺ እያለች በየተራ ሸኘቻቸው።

ሰው ሲያልቅ ልጅቷን ጠራቻት። «አፍሽን ክፈቺ።» ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠረገችና ሂጂ ተጫወቺ አለቻት። እኛ መኝታ ቤት ገብተን በሩን ከውስጥ ቆለፍን።

ጥጡን ቁራጭ መስታወት ላይ ቀባችና አየች። ሌላ መስታወት ቀየረች፣ ደግማ አየች። ከዚያ የራሷን ጉንጭ ጠርጋ አየች።

«እማ... አንቺ እይ። ይኼ የኔ ነው።»

ዓይኔን አስጠጋሁ። እንደ ተነጠፈ ድንጋይ ጎን ለጎን የተደረደረ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ መሃሉ ላይ ነጥብ አለው።

«ይኼኛው ደግሞ የሷ።»

አየሁ።

ነጭ ብርሃን። ከዚያ ሌላ ምንም... ጭራሽ ምንም።

«ከሰው አፍ ወጥቶ እንዲህ ባዶ አይሆንም» አለች ልጄ። ድምጿ አይሰማም ነበር።

ቀና አልኩ።

ልጅቷ በእኔና በልጄ መሃል ቆማለች። በሩ እንደተቆለፈ ነው። አንገቷን ወደ እኔ ዘንበል አድርጋ፣ ፈገግ ብላ...

«አያቴ... አየሽኝ?»