ኪራኮስን ያሳቀው

ኪራኮስ ሰው የሚንቅ ሰው ነበር። በአሜሪካዊቷ አሌክሳንድሪያ ባለው ጋራዡ የድሮ መኪና ቆራርጦ አዲስ ሻንሲ፣ የመኪናውን የብረት አጽም፣ ሲያበጅ፣ ሥራውን ሊያዩ የሚመጡትን ሁሉ «እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ» እያለ ነበር የሚያስገባቸው። ቅዳሜ ቤት ሳይገባ አደረ። እሑድ ጠዋት ሚስቱ ልዕልት ፍለጋ ስትመጣ፣ ያ ሁሉ ኩራት ከአንድ ጥቁር ሻንሲ ሥር ተንጋሎ ጠበቃት። መኪናውን ከያዙት አራት የብረት መደገፊያዎች የኋላ ግራው ወድቆ ነበር።

ማክሰኞ የወይንሐረግ መጣች። የኢንሹራንስ መርማሪ ናት፤ ወደ ስድሳው የተጠጋች፣ ነጠላ ጫማዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የምትዞር፣ ሰው ማመንን ከስኳር ጋር አንድ ላይ የተወች ሴት። ድርጅቷ የሚፈልገው፣ የኪራኮስ ሞት ድንገተኛ አደጋ ይሁን የሰው ጥፋት እንድትነግረው ነው። ፖሊስ ገና አልወሰነም። የከተማው አፍ ግን ፈርዶ ጨርሷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናውን መደገፊያ ላይ የሰቀለው የኪራኮስ ሸሪክ ዓብዩ ስለሆነ፣ «የዓብዩ ዝርክርክነት ገደለው» የሚለው ወሬ ከቀብሩ ቀድሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሷል። ወሬው ከጸና ዓብዩ እስር አለበት፤ ከእስሩ ቢተርፍ እንኳ መኪናውን የሚያስነካው አይኖርም። ከሁሉ የከፋው፣ እሱ ራሱ ወሬውን አምኖታል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ» አላት ገና በር ላይ።

«ምን አጥፍተህ?»

«አላውቅም። አራቱንም አስተካክዬ ነው ያቆምኩት። ነቅንቄም አይቼዋለሁ። ግን ወደቀ፤ ስለዚህ አጥፍቻለሁ።»

«በ‹ስለዚህ› ብዙ ሞኝ ታስሯል። ና አሳየኝ።»

ጉልበቷን እየረገመች ሻንሲው ሥር አጎነበሰች። በሦስቱ መደገፊያዎች አናት ላይ ቁራጭ ቆዳ ተነጥፏል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከአሮጌ ሶፋ የተቀደደ ነው። ቀለሙ እንዳይጫር። ቀለም ከተቀባ በኋላ ኪራኮስ ብረት በብረት አያስነካም። መኪና ማንሻውን ክሪክም ቢሆን ያለ ቆዳ አናስገባም።»

«ብየዳውስ?»

«የምን ብየዳ?» ዓብዩ ሐዘኑን ረስቶ ቆጣ አለ። «ብየዳው ድሮ አለቀ! መጀመሪያ ይበየዳል፣ ይገጠማል፣ ልክ መሆኑ ሲታይ ይፈታና ቀለም ቤት ይሄዳል። ይሄ ተቀብቶ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ቡሎን ማሰር ብቻ ነው። እሳት ቢያስጠጉበት ቀለሙ ይቃጠላላ!»

አራተኛው ቆዳ ከወደቀው መደገፊያ አጠገብ አልነበረም። የወይንሐረግ ፈልጋ ፈልጋ ያገኘችው ጋራዡ ወዲያኛው ጥግ፣ የቆሸሸ ጨርቅ መጣያ በርሜል ውስጥ ነው። ተመልሳ ሻንሲውን በእጅ ባትሪ አየችው። ከወደቀው መደገፊያ ራቅ ብሎ ቀለሙ በክብ ተነክሷል፤ ባዶው ብረት ያብለጨልጫል።

ልዕልት ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ ዓብዩን ላለማየት ወንበሯን አዙራለች።

«ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አነጋገርሽው?»

«ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ደወልኩለት። እየሳቀ ነበር፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው። ምን ተገኘ ስለው ‹አሁን አይሆንም፤ ቤት ስመጣ እነግርሻለሁ› አለኝ።»

«ሳቂታ ነበር?»

«ኪራኮስ? በሰው ላይ ካልሆነ አይስቅም።»

ይህች መልስ ለየወይንሐረግ ከሌላው ሁሉ በለጠችባት። በሰው ላይ ከሳቀ ሌላ ሰው አብሮት ነበር ማለት ነው።

የመኪናው ባለቤት ኃይለልዑል ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቤት አሻሻጭ ነው። ፊቱ በአውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ ሳይቀር ተለጥፎ ሕዝብ ይቀመጥበታል። ሽቶው ቀድሞት ተቀበላት።

«ምስኪን ኪራኮስ! ዓብዩ ኬርለስ ነው፣ ለሁሉም ተናግሬያለሁ።»

«ለሁሉም መናገርዎን ሰምቻለሁ። ቅዳሜ የት ነበሩ?»

«ሰርግ፣ እዚሁ። ያን ሳምንት ጋራዡን አልረገጥኩም፤ ቢዚ ነበርኩ።»

«ድንቅ መኪና ነው። ኪራኮስ ተጠቦበታል።»

«ኧረ እኔ ነኝ የሠራሁት! እሱ ሄልፕ አደረገኝ እንጂ። የሚቀጥለው ወር የመኪና ሾው ላይ አስገባዋለሁ፣ በራሴ እጅ የተሠራ ተብሎ። ይኸው፣ ፖስት አድርጌዋለሁ።»

ስልኩን ዘረጋላት። በፎቶው ላይ ኃይለልዑል አዲስ ቱታ ለብሶ፣ የብየዳ ጭምብሉን ፊቱ እንዲታይ ወደ ላይ ገልብጦ፣ የብየዳውን እጀታ ሻንሲው ላይ ደግኗል። ሻንሲው ከመጥቆሩና ከማንጸባረቁ የተነሳ የኃይለልዑል ጥርስ ተገልብጦ ይታይበታል። የወይንሐረግ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«ምን አሳቀዎት?» ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጥርስዎ ያምራል። መቼ የተነሱት ነው?»

«ያለፈው ወር፣ ስበይድ። ስልኬን አቁሜ ራሴ ነኝ ያነሳሁት።»

«እስቲ ይላኩልኝ።»

ደስ እያለው ላከላት።

ሐሙስ ሦስቱንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነገሩን አስቀድማ በእንግሊዝኛ የነገረችው መርማሪ ፖሊስ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ዓብዩ፣ እንባህን ጥረግና ስማ» ብላ ጀመረች። «መኪና ከመደገፊያ ሲንሸራተት ቆዳው እዚያው ይወድቃል እንጂ ጋራዡን አቋርጦ በርሜል ውስጥ አይገባም። ቆሻሻ ጨርቅ የመሰለው ሰው አንስቶ ጥሎታል። ሻንሲው ላይ ያለው ክብ ንክሻ ደግሞ የክሪክ አፍ ነው፤ ያለ ቆዳ የገባ ክሪክ። አንተ ከሄድክ በኋላ መኪናውን እንደገና ያነሳው፣ መደገፊያውን አውጥቶ ኪራኮስ ላይ ያወረደው ሰው የዚህን ቤት ወግ አያውቅም።»

«ልዕልትስ?» አለ ኃይለልዑል ፈጠን ብሎ። «እሷም ሜካኒክ አይደለችም።»

ልዕልት ቀና ብላ አየችው።

«ቆዳዎቹን ከራሷ ሶፋ የቀደደችው እሷ ናት፤ ዓብዩን ጠይቄዋለሁ። ቆሻሻ አይመስላትም። ይልቅ ፎቶዎን እንይ። ያለፈው ወር ነው ያሉት?»

«አዎ፣ ስበይድ—»

«ዓብዩ፣ ያለፈው ወር ይሄ ሻንሲ ምን ይመስል ነበር?»

ዓብዩ ስልኩን ተቀበላት። አየው። አፉ ተከፈተ። «ራቁቱን ብረት ነበር። ይሄ... ይሄ የተቀባው ነው! የቅዳሜው ነው! ተቀብቶ ባለቀ ሻንሲ ላይ ነው የሚበይደው?»

«ጭምብሉን ገልብጦ፣ ለፎቶ። ኪራኮስን ያሳቀው ይህ ነው። አሁን ደግሞ የኋላ ግራውን መደገፊያ አጉላና እየው።»

ዓብዩ በሁለት ጣቱ አጎላው። ቆዳው ቦታው ላይ ነበር፤ መደገፊያውም ቀጥ ብሎ ቆሟል። የገዛ እጁን ሥራ እያየ ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

ኃይለልዑል አልሸሸም፣ አልካደምም። የገረመው ሌላ ነገር ነው።

«ይህ ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «ያሳቀው ይህ ብቻ ነው? ምን ያስቅሃል እያልኩ ደጋግሜ ጠየቅኩት እኮ! ስልክ አንስቶ ይስቃል። ስልኩን ዘጋ፣ እንደገና ይስቃል። ገፋሁት፤ ጠረጴዛው ጭንቅላቱን መታው። ቢነግረኝ ኖሮ...»

«ቢነግርህ ኖሮ ሌላ ፎቶ ትነሳ ነበር» አለችው የወይንሐረግ፤ አንቱታው እዚያ ላይ አበቃ። «ሰው ደሙ ሲፈስ አምቡላንስ መጥራት ትተህ ክሪክ ፈለግህ። ከዚያ ሰርግ ሄደህ ጨፈርክ፤ ሲነጋ የዓብዩን ስም አነሳህ። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል፤ አንተ በሰው ሬሳም ልትደምቅ ሞከርክ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ፎቶውን ለምን አላጠፋኸውም?»

ኃይለልዑል መሬት መሬት አየ።

«ብዙ ሰው ላይክ አድርጎት ነበር።»

ፖሊሱ እጁን ወደ ኋላ አሰረው። ልዕልት ብድግ ብላ ስልኩን ከዓብዩ እጅ ወሰደችና ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሁሉም ልቅሶ መሰላቸው። ሳቅ ነበር፤ ትንፋሽ የሚያሳጥረው የኪራኮስ ሳቅ። ኃይለልዑል ከበሩ ላይ ዞሮ አያት፤ ፖሊሱ ገፋ አደረገው።

ሳቁ ወደ እንባ ሲለወጥ ልዕልት ከዓብዩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሑድ ጠዋት ከጋራዡ ከወጣች ጀምሮ አነጋግራው አታውቅም።

«ቤት ስመጣ እነግርሻለሁ ብሎኝ ነበር» አለችው፣ እጁን ይዛ።