የአርዶማ አፏጪ ግራር

ግራሩ ማፏጨት ባቆመበት ቀን የአርዶማ ሊቃውንት ተሰብስበው «መልካም ምልክት ነው» አሉ። ሊቃውንት ተብዬዎች! ሰባት ነገሥታት ጥላው ሥር የነገሡበት፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ታላቅ ዛፍ ነበር። ነጫጭ እሾኹ ከሥሩ ያበጠና ውስጡ ባዶ ስለሆነ ጉንዳኖች በስተውት ይኖሩበታል፤ ነፋስ በቀዳዳው ሲያልፍ ዛፉ ያፏጫል። ቅጠሉን ሊበላ የመጣውን ሁሉ ነክሰው የሚያባርሩት እነዚያው ጉንዳኖች ናቸው። ይህን የማያውቅ የአርዶማ ሕፃን የለም። ንጉሥ ዘርጋም ግን «ይህ ዛፍ በእኔ ላይ ያፏጫል!» ብሎ ተቆጣ፤ መኳንንቱም ተሽቀዳድመው ቀዳዳውን ሁሉ በሰም ደፈኑለት። ጉንዳኖቹ ታፍነው አለቁ።

በሦስተኛው ቀን ዘንጎል የሚባሉት ባለረጅም አንገት አውሬዎች ከበረሃ ወጥተው ዛፉን ይግጡት ጀመር። የተወረወረባቸው ጦር ቆዳቸውን እንኳ አልጫረም። ያን ጊዜ ንጉሡ ሕግ አስታወሰ፤ ግራሩ ከደረቀ ጠባቂው ከነሕይወቱ ከሥሩ ይቀበራል። ጠባቂው መልኪዶ «ሰሙ ይቅር» ብሎ ተንበርክኮ የለመነ ብቸኛ ሰው ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

የመልኪዶ ልጅ ሳልዌ በአደባባይ ማለች።

«ንጉሥ ሆይ! አባቴን አፈር ከማልበስዎ በፊት ሰባት ቀን ይስጡኝ። ከውርጭ ተራራ ማዶ ካለው ግራር እናት ጉንዳን ከነልጆቿ ባላመጣ፣ እኔም ከአባቴ ጎን ልቀበር!»

ንጉሡ እያዛጋ ፈቀደ። ትናንት ሰም ሲያቀልጥ የዋለው ጀግና ሁሉ ዛሬ ወገቡን አመመው። የተከተላት ሽማግሌው ሙጫ ለቃሚ ጎብራ ብቻ ነው።

ማዶ ተሻግረው እናት ጉንዳኗ ያለችበትን እሾኽ ከነቅርንጫፉ ቆረጡ። ጎብራ ግን ተራራውን ቀና ብሎ አይቶ ተከዘ።

«ልጄ፣ የሰው ገላ ካላሞቃቸው ውርጩ ይፈጃቸዋል። ገላሽ ላይ ካሰርሻቸው ደግሞ ይነክሱሻል። መርዛቸውን የጠገበ ክንድ አይድንም።»

«አባባ ጎብራ፣ አባቴ ሁለት ክንድ ሰጥቶኛል» አለችና ቅርንጫፉን ከግራ ክንዷ ጋር ጠፍራ አሰረችው።

በሰባተኛው ቀን ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ መልኪዶ አፋፉ ላይ ታስሮ ሳለ ሳልዌና ጎብራ ደረሱ። ሳልዌ ክንዷን ዛፉ ላይ ስታስደግፍ ጉንዳኖቹ ግንዱን ወረሩት፤ ሰሙን በስተው የዘንጎሎቹን ከንፈር ሲነክሱ አውሬዎቹ እያጓሩ ወደ በረሃቸው ፈረጠጡ። ጎብራ የጠቆረውን ክንዷን እያለቀሰ ቆረጠ፤ ቁስሉንም በግራሩ ሙጫ አሸገው።

ንጉሡ የጀግና አምባር አስይዞ መጣ። መኳንንቱ ግን ተንሾካሾኩ፤ አምባር የሚጠለቀው በግራ ክንድ ነው፣ ሕግ ነው። ረጅም ክርክር ተከርክሮ አምባሩ ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ሳልዌ ክርክራቸውን አልሰማችም። በአንድ እጇና በጥርሷ የአባቷን ገመድ እየፈታች ነበር።