አምፖል የሌለበት ክፍል

ጥላ ታየኝ፣ የሙት ድምፅ ሰማሁ የሚል ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ቀልቡ የተገፈፈ ሰው ወሬ እንዳይመስልህ ነው። በደርግ ጊዜ ጎንደር ውስጥ፣ ጣሊያን በሠራው ባለ አንድ ፎቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ፣ ነዳጅ ስለጠፋ መብራት ቆጥቡ የሚል ትእዛዝ መጣና ትርፍ አምፖል ማውለቁም፣ ሥራ ሲያበቃ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ማጥፋቱም እኔ ላይ ወደቀ፣ በዚያ ላይ ስብሰባው፣ በዚያ ላይ የቀበሌው የሌሊት ሮንድ፣ እመነኝ፣ ቆሜ የማንቀላፋበት ጊዜ ነበር። መብራት ሲበራ ካደረ ደግሞ ረሳሁ ማለት አይሠራም፣ ስሙ አሻጥር ነው፣ አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚገባ ታውቃለህ።

ፎቁ ላይ፣ ጥግ ያለችው ክፍል የንድፍ ሠራተኛው የአቶ ፈንታ ነበረች። ሰው ሁሉ ሲወጣ እሱ የሚያመሽ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፣ አንድ ቀን ከወንበሩ አስነሥተው ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። ክፍሏ ስትቆለፍ አምፖሏን ያወለቅኩት እኔው ነኝ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከዘበኛው ከአያ ደምሌ ጋር ስዞር በዚያች በር ሥር ብርሃን አየሁ፣ አያ ደምሌም አዩት። ቁልፉን ተቀብዬ ከፈትኩ፣ ጨለማ ነው፣ ወንበሩ አቧራ ለብሷል፣ የአምፖሉ መያዣ ባዶ ነው። በሩን መልሼ ስዘጋ ማብሪያው ከውስጥ ቀጭ አለ፣ ብርሃኑም በበሩ ሥር ተመልሶ ወጣ።

"ምነው ልጄ፣ ተወው እንውረድ" አሉኝ አያ ደምሌ።

እኔ ግን የፈራሁት ከመንገድ አይቶ የሚናገርብኝን ሰው ነበር። ወርደው የፎቁን ፊውዝ እንዲነቅሉልኝ ለመንኳቸው፣ ወረዱ፣ ኮሪደሩ ድርግም አለ፣ የበሩ ሥር ግን አልጠፋም። ወረቀት ሲገለበጥ፣ ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ፣ ቀጥሎ በጣም የደከመው ሰው ድምፅ፣

"እባክህ አታጥፋብኝ፣ ትንሽ ቀርቶኛል።"

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። 

ጠዋት ኃላፊያችን አስጠራኝ፣ ፎቁ ሲበራ ማደሩን ሰው ነግሮታል። ባለቤቴን ሳልሰናበታት መታሰሬ ነው ብዬ ፊቱ ቆምኩ። እሱ ግን ተነሥቶ በሩን ዘጋ፣ እንቅልፍ በዓይኑ ከዞረ የሰነበተ ይመስል ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"አንተንስ ምን አለህ?" አለኝ።

ድምፅ መስማቴን ለአያ ደምሌም ሆነ ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም ነበር። አቶ ፈንታ እሱን ምን ብሎት እንደነበር ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ በእጁ ሂድ አለኝ።