የከቢር ዓሦችና የማለዳው ዳቦ

ይሄን የምጽፍላችሁ ተረት አምሮኝ አይደለም። የሆነ ነገር ነው።

የደረሰባት ዘሊካ ናት፣ የወንድሜ ሚስት። አሁንም እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣለች። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት። ቦታው ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር፣ የወንድሜ የከቢር ግቢ።

ከቢር ግቢው ውስጥ ሦስት የሲሚንቶ ገንዳና አንድ የተቆፈረ ኩሬ ነበረው። የሚያረባቸው ዓሦች ለመጥበሻ የሚሆኑ አይደሉም። ጣት የማያክሉ የናይል ዓሦች ናቸው። የኦምዱርማን አጥማጆች ትልቁን ዓሣ ለመያዝ ከነሕይወታቸው መንጠቆ ላይ ይሰኳቸዋል።

"ምንድን ነው የምታረባው?" ሲሉት፣ "የዓሣ ምሳ" ይል ነበር እየሳቀ።

ሥራው ሁለት ሕግ አለው።

ምግብ ከመስጠቱ በፊት የገንዳውን ጠርዝ በጣሳ ሦስት ጊዜ ይመታል። ቋ... ቋ... ቋ። ዓሦቹ ስለለመዱት ድምፁን ሲሰሙ ተንጋግተው ይወጣሉ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

ሁለተኛው ሕግ፣ ሊወሰዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ምግብ አይሰጣቸውም። ሆዳቸው ባዶ ካልሆነ መንገድ ላይ ውሃውን ያቆሽሹትና ይሞታሉ። በማግሥቱ ክዳኑ በሚስማር የተበሳሳ በርሜል፣ ንጹሕ ውሃ ተሞልቶ ይቀርብላቸዋል።

አንድ ቀን ዘሊካ "አያሳዝኑህም?" አለችው።

"ምናቸው ያሳዝናል? ለነሱ ያንኳኳ ሁሉ ወዳጅ ነው" አላት።

ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን ሰፈሩ ባዶ ሆነ። እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ ምሥራቅ፣ ገዳሪፍ ገባሁ። ከቢር ግን አንድ ጠዋት በርሜሉን እናንተ ባጃጅ የምትሉት ረክሻ ላይ ጫነና "ኦምዱርማን አድርሼ ለዙህር ሶላት እመለሳለሁ" ብሎ ወጣ።

በዚያው ቀረ።

ዘሊካ ከቤቱ ንቅንቅ አልልም አለች። በደወልኩ ቁጥር መልሷ ያው ነው። "መጥቶ በሩን ዝግ ቢያገኘውስ?"

አላለቀሰችም። ማልቀስ ያለባትን ጊዜ ያለፈችው ይመስለኛል። ተኩስ ሲሰማ እንኳ ዞር ብላ አታይም። ገንዳ ታጥባለች፣ ዓሦቹን ታበላለች፣ ትተኛለች። በቃ።

መጀመሪያ የዓሦቹ ምግብ አለቀ። ቀጥሎ የራሷ ዱቄት አለቀ።

ጾሟን ባደረች በሦስተኛው ቀን፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ... የግቢው ብረት በር ተንኳኳ።

ቋ... ቋ... ቋ።

"ከቢር?" አለች በሹክሹክታ።

ስትከፍተው ሰው የለም። ደጃፉ ላይ አንድ ዳቦ ተቀምጧል።

ትኩስ ነው። ሥሩ ግን እርጥብ ነው።

ጎረቤቷ ሐጅ ነጂብ ናቸው ብላ አሰበች። ደግ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ለሰው ይዘረጋል። በላችና ተኛች።

በማግሥቱም ተንኳኳ። በሦስተኛው ቀንም።

የሰፈሩ ዳቦ ቤት ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ይሄን ታውቃለች። ግን ማሰቡ ደከማት።

በሳምንቱ አንድ ነገር አስተዋለች። ዓሦቹ ምንም ሳይበሉ አልከሱም። ገንዳውን ብትመታም አይወጡም። ውሃው ቀጥ ብሎ ተኝቷል... እነሱ ግን በሦስቱም ገንዳ፣ አንድም ሳይቀር፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ግቢው በር አዙረዋል።

እሷም ብትሆን አልጋዋ ላይ መንቃት ተወች። ዓይኗን ስትገልጥ ራሷን በሩ ሥር ቆማ ታገኘዋለች።

አንድ ከሰዓት ደወልኩላት።

"ዘሊ፣ ምን እየበላሽ ነው?"

"ሐጅ ነጂብ ዐይሽ ያመጡልኛል፤ ትኩስ ዳቦ፣ በየማለዳው። አላህ ይስጣቸው።"

ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ።

"ዘሊ... ሐጅ ነጂብ እዚህ ገዳሪፍ ናቸው። ወር አለፋቸው። ትናንት ሱቅ ላይ ሰላም ብያቸዋለሁ።"

"እንግዲያ ከቢር ነው" አለች።

"ከቢር ከሆነ ለምን አይገባም?"

"እኔንጃ። አንኳኳኩ ግን የሱ ነው።"

"ሐሙስ ጠዋት መኪና እልክልሻለሁ። ወላሂ ትወጫለሽ!"

"ኢንሻአላህ" አለችኝ። አልወጣም ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል።

ረቡዕ አልተንኳኳም።

ፀሐይ አናቷን እስኪመታት በሩ ሥር ቆመች። ዳቦም የለም። ያን ቀን ውሃ ብቻ ጠጥታ አደረች።

ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያንኳኳ ከፈተች።

የከቢር በርሜል ቆሟል።

ይዞት የወጣው ያው ሰማያዊ በርሜል ነው፤ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ገመድ እንኳ አልተፈታም። እስከ አፉ ንጹሕ ውሃ ተሞልቷል። አንድም ዓሣ የለበትም። ክዳኑ ግድግዳውን ተደግፏል፤ የሚስማሩ ቀዳዳዎች አዲስ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሹፌሩ ነው የነገረኝ። ደርሶ ክላክስ ሲያደርግ ዘሊካ አንድ እግሯን በርሜሉ ውስጥ አስገብታ ቆማ ነበር። ጎትቶ መኪናው ላይ ጫናት። ገዳሪፍ ስትደርስ ቀሚሷ በአንድ በኩል እስከ ጭኗ እርጥብ ነበር... የሁለት ቀን መንገድ መጥታ።

"ለምን ገባሽ?" አልኳት።

"እሱ ጋ የሚወስደኝ መስሎኝ" አለች። ምንም እንዳልሆነ ሰው።

እዚህ ከመጣች አሥረኛ ቀኗ ላይ የእኛ በር ተንኳኳ። አሥራ አንድ ሰዓት።

ቋ... ቋ... ቋ።

"አትክፈቺ!" አልኳት እጇን ይዤ።

"ሬሕማ... እሱ ቢሆንስ?"

ከቢር ወንድሜ ነው። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ወንድሜ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም በልቤ "ቢሆንስ?" ብያለሁ።

ከፈትኩት። ሰው የለም። ዳቦው ትኩስ ነው፣ ሥሩ እርጥብ።

አውጥቼ ልጥለው ነበር። ግን ዳቦ አይጣልም፤ ያለኝን ለመኪናው ስለከፈልኩ ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚበላ አልነበረም። ልጆቼ እያዩኝ ነው።

በላን።

በማግሥቱም መጣ፣ በላን። ሳምንቱን ሙሉ በላን። ፍርሃቱ እንዴት እንደለቀቀኝ አላውቅም። ዓሦቹንና የከቢርን ሕግ እያወቅኩ፣ ማታ ስተኛ ጠዋት መንጋቱን ብቻ እናፍቃለሁ።

ዛሬ አልተንኳኳም።

አሁን ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ደጃፉን አራት ጊዜ አየሁት፣ ዳቦ የለም። ዘሊካ ገላዋን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ ተቀምጣለች።

"ነገ ነው" አለችኝ ቀስ ብላ።

ሦስቱ ልጆቼ ማንም ሳይቀሰቅሳቸው ከንጋት ጀምሮ በሩ ሥር ጎን ለጎን ቆመዋል። ስጠራቸው አይዞሩም። እንዳላለቀሱም እንዳልፈሩም ከዚህ ሆኜ ይታየኛል።

አፋቸው ብቻ ይከፈታል... ይዘጋል።