ጫማዎቹ ወዴት ያያሉ?

ጫማዎቹ ግድቡ ጠርዝ ላይ ነበሩ። ነጭ የስፖርት ጫማዎች ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ተረከዛቸው ወደ ውሃው፣ አፍንጫቸው ወደ መንገዱ። ማሰሪያቸው ሳይቀር ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ሬሳ የለም። ውሃው ጥቁር ነው። ዳር ዳሩን በረዶ መጋገር ጀምሯል።

ኢንስፔክተር ማ ሄራን ቁጢጥ ብላ ጫማዎቹን ተመለከተቻቸው። አንድ ነገር ከነከናት። ምን እንደሆነ ግን አልያዝ አላት።

"አለቃ፣ ጠላቂዎቹ መንገዱ ካልተጠረገ አንመጣም አሉ።" ሳጅን ቶ ነው። በዕድሜ እሱ ይበልጣል፣ በማዕረግ እሷ፤ ሁለቱም ነገሩን በቀልድ ነው የሚያልፉት። "በረዶው እኛ ካለፍን በኋላ ከታች ዘግቶታል። እንግዲህ ጡረታዬን እዚሁ ተራራ ላይ ያምጡልኛ!"

"ጡረታዎ ይቆይ ሳጅን። ልጅቷ ውሃው ውስጥ ካለች የሚያስቸኩለን የለም። ከሌለች ግን፣ በዚህ ብርድ፣ በባዶ እግሯ..."

 

ልጅቷ ፕዮ ሚሩ ትባላለች። የሶልጎል የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ ናት። ከትናንት ወዲያ ከምሳ በኋላ ተምራለች፤ እራት ላይ አልታየችም። ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ ቆይቶ ዛሬ ጠዋት የግድቡ ጠባቂ ጫማዎቹን ሲያገኝ ነው ፖሊስ የጠራው።

ሶልጎል ጥድ ጫካ መሃል ብቻውን የተቀመጠ ቤት ነው። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። ወላጅ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ ይመጣል። እኛ አገር እናት፣ ልጅሽ ሴኡል ካለው ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ካሏት፣ ልጇን ለነብርም አደራ ትሰጣለች። የሶልጎል ልጆች ደግሞ ይገባሉ። ስለዚህ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ሄራንና ሳጅኑ የተማሪዎቹ መኝታ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ አገሩ ወግ በረዷማ ቦቲያቸውን እየተጣደፉ አውልቀው፣ እንደወለቀ ጥለውት ከሥሩ ወደሚሞቀው ወለል ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ኪ ቴሶፕ እጁን እያፍተለተለ ቆሟል።

"የፈተና ጭንቀት ነው። በየትም ያለ ነው። ጋዜጠኞች ባይሰሙ ደስ ይለኛል።"

"እናቷስ ሰምታለች?"

ርዕሰ መምህሩ ወደ ኋላ ዞሮ ሻይ እንዲመጣ አዘዘ።

ከኋላው የመኝታ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ኦክ ሱንጃ ትኩስ የገብስ ሻይ ይዘው ብቅ አሉ። ፀጉራቸው ነጭ፣ ፊታቸው ክብ፣ ድምፃቸው ለስላሳ። ልጆቹ "እማማ" ነው የሚሏቸው። ስሙን ያወጡት ግን ልጆቹ አልነበሩም።

"ጠጪ ልጄ፤ እጅሽ ቀልቷል" አሏት። "ሚሩዬን እንደ ልጄ ነበር የማያት። ደክሟት ነበር። አወይ፣ ደክሟት ነበር!"

ሄራን ልጆቹን ተራ በተራ አስጠራች። የመጀመሪያዋ ገብታ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች።

"ሚሩን በመጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?"

"ሚሩ ደክሟት ነበር።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም፤ መቼ አየሻት?"

"ደክሟት ነበር፣ መርማሪ።"

ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም። በዚያው ቃል፣ በዚያው ድምፅ፣ ዓይናቸውን ወለሉ ላይ ተክለው። ሄራን ብዙ ውሸታም አይታለች፤ ሰው ሲዋሽ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይምላል። እነዚህ ግን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ነበሩ።  ፈራች። ፍርሃቱ ከልጆቹ ወደ እሷ ተጋብቶ ነበር።

የመጨረሻዋ፣ የሚሩ የመኝታ ክፍል ተጋሪ ባንግ ዳኢን፣ ቀጭንና ጥፍሯን የበላች ልጅ ናት። ሄራን አካሄዷን ለወጠች።

"ሚሩ ምን ዓይነት ልጅ ናት? ታስቃለች?"

ዳኢን ቀና አለች። ያልጠበቀችው ጥያቄ ነው። "ዝርክርክ ናት" አለች፤ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። "ጫማዋን አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ ወርውራ ነው የምትገባው። 'እነሱው ይፈላለጉ' ትላለች። በዚህም ሁልጊዜ..."

በሩ ተንሸራተተ። እማማ ኦክ የተጠበሰ ስኳር ድንች ይዘው ነበር።

"ብሉ እንጂ። ዳኢንዬ፣ ምን እያልሽ ነበር?"

የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ። "ሚሩ ደክሟት ነበር።"

ከሰዓት በኋላ ሳጅን ቶ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተመለሰ። "አለቃ፣ አንዱን ያዝነው መሰለኝ። ከግድቡ ሥር ባለው ጭቃ ላይ የጎማ ምልክት አለ። የሒሳብ መምህሩ መኪና ነው።"

መምህር ናም ገና ጎልማሳ ነው። መነጽሩን ደጋግሞ ይጠርጋል።

"ከትናንት ወዲያ ምሽት የት ነበሩ?"

"ክፍሌ። ተኝቼ።"

"መኪናዎ አልተኛችም። ግድቡ ድረስ ሄዳለች።"

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ።

"ከልጅቷ ጋር ስትጨቃጨቁም ታይታችኋል። ርዕሰ መምህሩ ነግረውኛል።"

"ጭቅጭቅ አልነበረም!" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "በዚያን ዕለት መጥታ 'ከዚህ ያውጡኝ' አለችኝ። 'ቅዳሜ ለእናቴ እነግራታለሁ ስላልኩ ታች ያወርዱኛል' አለች። እኔ የመሰለኝ... እዚህ ልጆቹን በውጤት ነው የምንደረድራቸው። ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያወርዷት መሰለኝ። 'ታች ብትወርጂስ ምን አለበት፣ አጥንተሽ ትወጫለሽ፤ ታገሺ' አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"እራት ላይ ሳጣት ልቤ ጠረጠረ። መኪና አስነስቼ ግድቡን አየሁት። ምንም አልነበረም። ጫማም አልነበረም፣ እመኑኝ! ለምን ዝም አልክ ካሉኝ፣ ሥራዬን ፈርቼ ነው።"

"ጫማ አልነበረም ይላል" አለ ሳጅኑ በሹክሹክታ። "እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምለው።"

ሄራንም አላመነችውም። የዋሸ ሰው ነው፤ ግድቡ ላይ የነበረ ሰው ነው። እጁን አሰሩት። ርዕሰ መምህሩ በረጅሙ ተነፈሰ፤ እማማ ኦክ ደረታቸውን ይዘው "ምነው፣ ይሄን የመሰለ ጨዋ ሰው!" አሉ። ልጆቹ ኮሪደሩ ግራና ቀኝ ቆመው ያያሉ። 

ደጃፉ ላይ ደረሱ። ሄራን ቦቲዋን ለማጥለቅ እግሯን ዘረጋች። እግሯም ሰተት ብሎ ገባ።

ቆመች።

እየተጣደፈች ነበር ያወለቀችው። አፍንጫው ወደ ውስጥ ነበር፤ አንዱም ተጋድሞ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ተጠርገው፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙረዋል። የሳጅኑም እንደዚያው። የልጆቹ ጫማ በሙሉ በየመደርደሪያው ሥር ወደ ደጅ ያያል። ማሰሪያቸው ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ጠዋት የከነከናት ነገር አሁን ተያዘላት። ወደ ውሃ የሚሄድ ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ጫማው ወደ ውሃው ያያል። ዞሮ የሚያስተካክለው ተመልሶ የሚሄድ ሰው ነው። ጫማ ወርውራ የምትገባ ልጅ ደግሞ በሞቷ ቀን ማሰሪያ አትሰበስብም።

"ይሄን ማን አዞረው?" አለች፤ ድምፅዋን ለማለዘብ እየታገለች።

"እኔ ነኛ ልጄ" አሉ እማማ ኦክ፣ ኩራት ብለው። "እንግዳ ሲወጣ እንዳይቸገር። ወደ ቤት ያየ ጫማ ካየሁ እጄ እምቢ ይለኛል። ልማድ ነው።"

"የሚሩንም እርስዎ ነዎት ያዞሩት?"

"ሁልጊዜ! ያቺ ዝርክርክ..."

"ግድቡ ላይም?"

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ከዚህ በኋላ አንቱታውን እኔም እተወዋለሁ፤ ሄራንም ተወችው።

"ልጅቷ የት ናት?"

"ውሃ ውስጥ ናት እንጂ" አለች ኦክ። ፈገግታዋ ገና አልጠፋም። "መምህሩን ይዘሽ የለ?"

"መምህሩ በሄደበት ምሽት ጫማ አልነበረም። አንቺ ኋላ አምጥተሽ አስቀመጥሽው። ታች የሚባለው የት ነው?"

"ልጆች!" አለች ኦክ ወደ ኮሪደሩ ዞራ። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ ለስላሳ ነው። "መርማሪዋ ያልሆነ ነገር ትጠይቃለች። ንገሯት እስቲ።"

"ሚሩ ደክሟት ነበር" አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

ሄራን አንድ በአንድ ዓይናቸውን ፈለገች። "እህቶቼ፣ ውጭ ምን ያህል እንደሚበርድ ታያላችሁ። ቤቱን በሙሉ ልበረብረው እችላለሁ፤ ግን እስከዚያ ትቆያለች? በሕይወት ካለች አሁን ነው።"

አንዷ ማልቀስ ጀመረች፤ ግን አልተናገረችም። የተናገረ ይወርዳል። ይህን ሁሉም ያውቃሉ።

ዳኢን ከሰልፉ ወጣች።  ከደረጃው ወርዳ ጫማዎቿን አነሳች። ምንም አልተናገረችም። ብቻ አዞረቻቸው። ወደ ደጅ ያይ የነበረውን አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ፣ በኮሪደሩ በኩል፣ ወደ ማዕድ ቤቱ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

"ዳኢን፣ አስተካክዪ" አለች ኦክ።

ሌላዋ ልጅ ወረደች። አዞረች። ሌላዋም። ከዚያ አንዷ የሌላዋን ትከሻ እየገፋች ሁሉም ወረዱ። የጎማ ሶል በሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ ይሰማል። ጥቂት ቆይቶ በዚያ ቤት ያለ ጫማ ሁሉ ማዕድ ቤቱን ያይ ነበር።

"አስተካክሉ! እናንተ ስድ አደጎች፣ አስተካክሉ!" ያ ለስላሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። ኦክ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጫማዎቹን ማዞር ጀመረች፤ አንዱን ስታዞር ሌላዋ ልጅ ትመልሰዋለች። ሳጅን ቶ የመምህሩን ሰንሰለት ፈትቶ ለእሷ አጠለቀላት።

ሄራን በካልሲዋ ሮጠች። ማዕድ ቤቱን አልፋ ከጓዳው ገባች። ኪምቺ የሚባለው ጎመን የሚብላላባቸው እንስራዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ትልቁ ግን ወለሉ መሃል ብቻውን ነው። ሳጅኑና መምህሩ ገፉት። ከሥሩ የእንጨት መዝጊያ ነበር።

ሲከፈት የነጭ ሽንኩርትና የበርበሬ ሽታ ከብርድ ጋር ወጣ። ጨለማ ነው።

"ሚሩ!"



ሄራን በመሰላሉ ወረደች። እጇ ጆንያ ነካ፤ ቀጥሎ ጨርቅ፤ ቀጥሎ እንደ ድንጋይ የቀዘቀዘ የእግር ጣት።  ጆሮዋን ከልጅቷ አፍ አስጠጋች። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ትንፋሽ አለ።

"አለች! ብርድ ልብስ!"

የሞቀው ወለል ላይ አስተኟት። ዳኢን የሩዝ ገንፎ አጥሚት አስመስላ አቅጥና አመጣች። ኦክ ሰንሰለቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጥግ ተቀምጣለች። ሳትጠየቅ ነው የተናገረችው።

"ኪምቺ እንኳ የሚበስለው በጨለማ ነው። ስንቱን ታች አስቀምጬ ሰው አድርጌ አወጣሁ። ይቅርታ ብላ ትወጣ ነበር፤ ለእናቴ እነግራታለሁ አለች። አንድ ቀን ጨመርኩላት። እምቢ አለች። ቅዳሜ ተቃረበ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ላውጣት? ጫማዋን ውሃው ዳር ወሰድኩት። እናቷ አንዴ አልቅሳ ይውጣላት ብዬ ነው።"

"እና ልጅቷ እዚያው ትሙት?"

"ዝም እስክትል ነው እንጂ" አለች ኦክ።

ሄራን ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረች። "ያውቁ ነበር?"

"ውጤቱ ጥሩ ነበር" አለ ኪ፣ ዓይኑን ሰብሮ። "አልጠየቅኩም።"

"መልሱን ጣቢያ ይደግሙልኛል" አለችው።

ሚሩ ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሄራን ጎንበስ አለች፤ ልጆቹም ተጠጉ። የመጀመሪያው ቃሏ ምን ይሆን ብለው ሁሉም ጠበቁ።

"ደክሞኝ ነበር" አለች ሚሩ። "ደክሞኝ ነበር፣ እማማ።"

ክፍሉ ውስጥ ያለች ልጅ ሁሉ ፊቷን ሸፈነች። ሄራን ሥራዋ ላይ አልቅሳ አታውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰች።

ዳኢን ግን ተነስታ ሮጠች። የሚሩን ነጭ ጫማዎች ከማስረጃው ከረጢት መንጭቃ ስታወጣ ሳጅን ቶ አይቶ እንዳላየ ሆነ። አንዱን ወደ በሩ ወረወረችው። ሌላውን ወደ መስኮቱ። ከዚያ መጥታ ከጓደኛዋ ጎን ተጋደመች፤ አፏን ከጆሮዋ አስጠጋች።

"ሚሩ፣ ጫማሽን ጥዬልሻለሁ። አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ። የሚያነሳቸው የለም።"

ሚሩ አንገቷን በዝግታ አዞረች። መጀመሪያ በሩ ሥር የወደቀውን አየች። ቀጥላ መስኮቱ ሥር የተገለበጠውን። 

"ይፈላለጉ" አለች።